የቻይናና የህንድ ቋሚ ካፒታል ሲመዛዘን
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ወር በዚሁ አዳራሽ በተደረገው ክርክር ላይ ቆሜ፣ ህንድ ከቻይና ወደ ኋላ የቀረችበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም በየዓመቱ የምታቋቁመው ቋሚ ሀብት ማነሱ ነው ብዬ ነበር። ጭብጨባውም አልጎደለብኝም። ክርክሩ ካለቀ በኋላ ግን አንድ መምህሬ ጠርተውኝ፣ «ለመሆኑ ያወዳደርሃቸው ሁለቱ ቍጥሮች አንድ ዓይነት ነገር ይለካሉን?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። የዛሬው ንግግሬ ያንን ስሕተት ለማረም ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቋሚ ካፒታል ስንል በአንድ ዓመት ተበልቶ የማያልቀውን፣ ለብዙ ዘመን የሚያገለግለውን ሥራ ማለታችን ነው፤ ይኸውም መንገድ፣ ግድብ፣ ፋብሪካ፣ የማምረቻ መኪና፣ ቤት ነው። የእኔ ስሕተት ይህ ነበር፦ የቻይና የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት በየወሩ የሚያወጣው የቋሚ ሀብት ወጪ ለመሬትና ለአሮጌ ሕንጻ መግዣ የተከፈለውን ገንዘብ ጭምር ይይዛል። መሬት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ግን አገር አዲስ ነገር አላገኘችም። ከህንድ ቍጥር ጋር ሊተያይ የሚገባው በብሔራዊ ሒሳብ ውስጥ የተመዘገበው አዲሱ ቋሚ ካፒታል ብቻ ነው።

እንግዲህ በትክክለኛው ሚዛን እንመልከት። ከ2009 ወዲህ ባሉት አብዛኞቹ ዓመታት ቻይና ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርቷ ከ40 በመቶ በላይ የሆነውን ለቋሚ ካፒታል አውላለች። ህንድ በ2007 ገደማ ወደ 35 በመቶ ደርሳ፣ ኋላ ወርዳ፣ በ2023 በ30 በመቶ አካባቢ ነበረች። ልዩነቱ እኔ ካልሁት ያንሳል፤ ነገር ግን አለ።

መነሻቸው ተቀራራቢ ነበር። ህንድ የመጀመሪያውን የአምስት ዓመት ፕላን በ1951፣ ቻይና በ1953 ጀመሩ። ህንድ በሁለተኛው ፕላኗ ሦስት የብረት ፋብሪካዎች አቋቋመች፤ ብሂላይን በሶቪየት፣ ሩርኬላን በምዕራብ ጀርመን፣ ዱርጋፑርን በእንግሊዝ እርዳታ። ቻይና ግን በ1958 ገበሬውን ከእርሻው አንሥታ በየመንደሩ ብረት አቅልጥ አለችው። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ብረቱ ለሥራ የማይረባ ሆነ፤ በተከተለው ረኃብም በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ። 

ከ1978 የቻይና ማሻሻያ በኋላ መንገዳቸው በጣም ተለያየ። በቻይና የከተማው መሬት የመንግሥት፣ የገጠሩ የገበሬዎች ኅብረት ስለ ሆነ፣ ሐዲድ ለመዘርጋት የሚያግድ እምብዛም የለም። የመጀመሪያው የቤጂንግና የቲየንጂን ፈጣን ባቡር በ2008 ተከፈተ፤ በ2024 መጨረሻ የፈጣኑ ባቡር መሥመር ወደ 48,000 ኪሎ ሜትር ደርሶ ነበር። በህንድ ግን የ2013ቱ የመሬት ሕግ ለግል ኩባንያ ሥራ መሬት ሲወሰድ ከሚነኩት ቤተ ሰቦች 80 በመቶው እንዲስማሙ ያዝዛል። ከሙምባይ እስከ አህመዳባድ ያለው የ508 ኪሎ ሜትር መሥመር በ2017 ቢጀመርም፣ እስከ 2024 መጨረሻ አልተከፈተም። ይህን መዘግየት ብቻ ነው ብለን እንዳንንቀው፤ ገበሬው እንቢ ማለት መቻሉም በሒሳብ የማይገባ ሀብት ነው።

ሁለተኛው ነገር ከፋዩ ማን ነው የሚለው ነው። በህንድ ከአገሩ ምርት 60 በመቶ ያህሉን ቤተ ሰቦች ይጠቀሙበታል፤ በቻይና ግን 40 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። እንግዲያስ የባቡሩን ዋጋ የከፈለው የሠራተኛው ማዕድ ነው ማለት ይቻላል።

ሦስተኛውም የፍሬው ጉዳይ ነው። በ2007 የቻይና ኤኮኖሚ 14 በመቶ ያህል ሲያድግ፣ ለአንድ በመቶ እድገት የጠየቀው ካፒታል ከምርቱ 3 በመቶ እንኳ አይሞላም ነበር። በ2023 እድገቱ 5 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ለአንዱ በመቶ 8 ያህል ጠየቀ። ሰው የማይገባባቸው ቤቶች ተሠርተው ቀሩ፤ ኤቨርግራንድ የተባለው ታላቅ ቤት ሠሪ ኩባንያ በ2021 ዕዳውን መክፈል አቃተው፤ በ2024ም የሆንግ ኮንግ ፍርድ ቤት እንዲፈርስ አዘዘ። ህንድም ከዚህ ነጻ አይደለችም፤ በደጉ ዘመን ያለ ልክ የተበደሩት ኩባንያዎች ስላልከፈሉ፣ በ2018 ከባንኮቿ ብድር ከ10 በመቶ በላይ የሚሆነው የተበላሸ ነበር።

እኛም ከዚህ ጉዳይ የራቅን አይደለንም። በ2018 ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባና የጅቡቲ ባቡር የቻይና ኩባንያዎች በቻይና ብድር የሠሩት ነው። ስለዚህ ወደ ፊት በዚህ አዳራሽ የመቶኛ ቍጥር ይዞ የሚነሣ ተከራካሪ ሦስት ጥያቄ ይጠየቅ፦ ቍጥሩ የሚለካው ምንድር ነው? የከፈለውስ ማን ነው? የተሠራውስ ያገለግላልን? እኔ ባለፈው ወር ሦስቱንም ሳልመልስ ነው የተጨበጨበልኝ። ዛሬ ጭብጨባውን ትታችሁ በጥያቄ ብትይዙኝ እመርጣለሁ።