የእናቶችን ጤና የምትጠብቅ ሴት ታሠለጥኑ ዘንድ የተነገረ ቃል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የደብር በዓል የሚከበረው ስላለፈው ዘመን ለማመስገን ብቻ አይደለም፤ ለሚመጣው ዘመን ስንቅ ለመሰነቅም ነው እንጂ። የዛሬውም ንግግር ስለ አንድ ስንቅ ነው፤ ይኸውም በየቤቱ እየዞረች የእናቶችንና የእኅቶችን ጤና የምትጠብቅ ሴት ትሠለጥን ዘንድ ደብሩ ወጪዋን ቢችል የሚገኘውን ጥቅም ለማስረዳት ነው።

የቀደሙት ሰዎች ለቆሎ ተማሪ ቁራሽ ሲሰጡ የማን ልጅ እንደ ሆነ አይመረምሩም ነበር። ዛሬ ደበሎ ለብሶ በደጅ የቆመው ነገ መሪጌታ ሁኖ አገር እንዲጠቅም ያውቁ ነበርና። ዜማውና ቅኔው እስከ ዛሬ የደረሰው በመምህራን ትጋት ብቻ ሳይሆን በባልቴቶችም ቁራሽ ነው። እንግዲህ ሕዝቡ የነፍስን መምህር በቁራሽ ካሳደገ፣ የሥጋን ጤና የምታስተምረውን ማሳደግ የአባቶች ልማድ እንጂ አዲስ ሥራ አይደለም።

በኢትዮጵያ ይህ ሥራ የጤና ኤክስቴንሽን ተብሎ በመንግሥት በኩል የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ልጃገረዶች ተመርጠው አንድ ዓመት ተማሩና ለ5,000 ያህል ሕዝብ ሁለት ሁለት ሁነው ተመደቡ፤ ቍጥራቸውም ከ30,000 በላይ ሆነ። መጸዳጃ እንዲቆፈር፣ ሕፃናት እንዲከተቡ፣ ነፍሰ ጡሮችም ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄዱ መከሩ። በከተማም ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በነርስነት የተማሩት በየቤቱ ይዞሩ ዘንድ ታዘዘ።

ፍሬውም በቍጥር ይታያል። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት በሕይወት ለሚወለዱ 100,000 ሕፃናት 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ጥናት ግን 412 ሆነ። በጤና ተቋም የሚወለዱትም በ1992 ዓ.ም. ከመቶ 5፣ በ2008 ዓ.ም. 26፣ በ2011 ዓ.ም. 48 ሆኑ። ይህ ሁሉ በእነዚያ ሴቶች ብቻ የመጣ ነው ማለት አይገባም፤ መንገዱም፣ ጤና ጣቢያውም፣ አምቡላንሱም ረድቷል። ነገር ግን ጤና ጣቢያው ቢሠራም፣ ሂጂ ብላ የምትመክራት የታመነች ሴት ከሌለች እናቲቱ ከቤቷ አትነሣም።

ሊቃውንተ ሕክምና እናትን የሚገድሉት መዘግየቶች ሦስት ናቸው ይላሉ፤ በቤት ሲመካከሩ መዘግየት፣ በመንገድ መዘግየት፣ በሐኪም ቤትም ተራ ሲጠብቁ መዘግየት። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ብርቱ ደም ግን በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል፤ ምክር እስኪያልቅ አይጠብቅም። የፊተኛውን መዘግየት የምታስቀረው ምልክቱን አስቀድማ ያስተማረች፣ ቤቱን የምታውቅ ሴት ናት።

በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ሞልቷልና ይህ ምን ያስፈልጋል የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ከገርጂ እስከ ሰሚት፣ ከአያት እስከ ቦሌ አራብሳ ሕንጻው ከፍ ባለ መጠን ጉርብትናው ቀንሷል። ባለሙያዋ የድኃውን ደጅ ብታንኳኳ ትገባለች፤ በባለጠጋው የብረት በር ግን ዘበኛው እመቤት የሉም ብሎ ይመልሳታል። ከበሩ ውስጥ ከገጠር የመጣች ሠራተኛ፣ እናትም ጎረቤትም የሌላት፣ ፅንሷን በነጠላዋ ሸፍና ትሠራለች። እመቤቲቱም የደም ግፊቷን ሳትለካ ዓመት ያልፋታል። በአንድ ግቢ ሁለት ሴቶች ይጐዳሉ፤ አንዲቱ በማጣት፣ አንዲቱ በቸልታ። ያንን በር የሚያስከፍተው የንስሐ አባትና የሰንበቴው ቃል ነው።

የሐኪም ቤት ብዛት ብቻውን እንደማያድን በአሜሪካም ታይቷል። በዚያ ባለጸጋ አገር ጥቁር እናቶች በፅንስና በወሊድ ምክንያት የሚሞቱት ከነጮቹ ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ከሚነገሩት ምክንያቶች አንዱ ጥቁሯ እናት ሕመሟን ስትናገር ቃሏ አለመሰማቱ ነው። ስለዚህ በዚያም ከሕዝቡ መካከል የወጡ ሴቶች እየሠለጠኑ የእናቶች ረዳቶች ይሆናሉ። የኢትዮጵያ ልጆችም በዚያ ይወልዳሉና ነገሩ ሩቅ አይደለም።

ጸበል ይበቃል፣ መድኃኒት እምነትን ያጐድላል የሚል ቢኖር፣ ወንጌላዊው ሉቃስ ባለ መድኃኒት እንደ ነበረ ያስብ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒትን ከጸበል ጋር መውሰድ እንደሚቻል ለምእመናን ተናግረዋል። እርጉዝ ሴት የታዘዘላትን የደም ማነስ ክኒን በጾም ምክንያት እንዳትተው ካህኑ ቢመክራት፣ ቃሉ ከብዙ ወረቀት ይልቅ ይሰማል።

ስለዚህ ደብሩ፣ ዕድሩና ማኅበሩ ተባብረው በየዓመቱ ጥቂት ሴቶችን ቢያስተምሩ መልካም ነው። ሲመርጡም በዝምድና አይሁን፤ ድኃይቱ፣ ትዕግሥተኛይቱ፣ ምሥጢር የምትጠብቀው ትቅደም። የንስሐ አባት የሰማውን እንደማያወጣ፣ እርሷም በቤቱ ያየችውን በደጅ አታወራምና። ትምህርቱም ከጤና ጣቢያው ጋር በስምምነት ይሁን፤ ያለ ሐኪም ድጋፍ ብቻዋን የምትቆም ሴት ምክር እንጂ ደም ልትሰጥ አትችልም። የትምህርቱ ዋጋ ብቻ አይበቃም፤ የመንገዷ፣ የምሳዋ፣ ልጅ ካላትም ልጇን የሚጠብቅላት ሰው ይታሰብ። ብዙ ሴቶች ትምህርት የሚያቋርጡት በአእምሮ ድካም ሳይሆን በዚህ ጉድለት ነውና። ተምራ ስትጨርስም ደመወዟ ይታሰብ፤ ዘርቶ አጥር የማያጥር ገበሬ አዝመራውን ለከብት ይሰጣል።

ለበዓል የሚበራው ሻማ በማግሥቱ ያልቃል። በበዓሉ ምክንያት የተማረች አንዲት ሴት ግን ገና ያልተወለዱትን በየዓመቱ ከእናቶቻቸው ጋር ወደ ክርስትና ታደርሳለች። በአርባና በሰማንያ ቀን ሕፃኑን ታቅፋ በቤተ ክርስቲያን ደጅ የምትቆም እናት እንዳትጐድል፣ ይህ ደብር ከዛሬ ጀምሮ ያስብበት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።