ስለ መንደር ካርታና ስለ ጂኦግራፊ ትምህርት



ሕፃን አስቀድሞ ፊደል ይቈጥራል፤ ቀጥሎ ንባብ ይለምዳል፤ ከዚያም በኋላ ወደ ዳዊት ይሻገራል። የጂኦግራፊም ትምህርት እንደዚሁ ነው፤ ፊደሉም ተማሪው የተወለደበት መንደር ነው። የዓባይን መነሻ በቃሉ እየተናገረ ከቤቱ በታች የሚወርደው ውሃ ወዴት እንደሚገባ የማያውቅ ተማሪ፥ ፊደል ሳይለይ ዳዊትን በቃሉ እንደ ያዘ ሰው ይቈጠራል።

ለዚህ ትምህርት የአርሲ ደጋ የተመቸ አገር ነው። ከአሰላ በላይ የጭላሎ ተራራ ቁመቱ ከ4,000 ሜትር አልፎ ይታያል። ከተራራው በስተ ምዕራብ የሚወርዱት ጅረቶች ወደ ከታር ወንዝ ይገባሉ፤ ከታርም ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይፈሳል፤ የዝዋይም ትራፊ ውሃ በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብጃታ ይወርዳል። ከደጋው በስተ ምሥራቅ የሚወርደው ግን ወደ ዋቢ ሸበሌ ይሄዳል። እንግዲህ በደጋው የአንዱ ገበሬ አፈር በጎርፍ ቢታጠብ ደለሉ እስከ ሐይቁ ይደርሳል። ተማሪው ይህን ነገር የሚረዳው የራሱን ጅረት በካርታ ላይ በእጁ ሲስል ነው።

አሠራሩም እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ሽማግሌዎች በሜዳ ተሰብስበው ምንጩን፥ ወንዙን፥ መንገዱንና የግጦሹን ስፍራ በአመድና በድንጋይ በመሬት ላይ ያመለክታሉ፤ ተማሪዎችም በወረቀት ይገለብጡታል። ሁለተኛ፥ ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋራ በእግር እየዞሩ የየቦታውን ልክ ጂፒኤስ በሚባለው መሣሪያ ይመዘግባሉ። ይህ መሣሪያ ዛሬ በብዙ የእጅ ስልኮች ውስጥ ይገኛል፤ ምድርን ከሚዞሩት ሳተላይቶች ቢያንስ ከአራቱ ምልክት ተቀብሎ ሰው የቆመበትን ስፍራ ያስታውቃል፤ ኢንተርኔት በሌለበትም ይሠራል። ነገር ግን ጥቅጥቅ ባለ ዛፍ ሥርና በገደል አጠገብ ሊሳሳት ይችላል። ሦስተኛ፥ ሁለቱ ካርታዎች ጎን ለጎን ሆነው ይመረመራሉ። ያልተስማሙበት ቦታ ቢገኝ እንደ ገና ሄዶ ማየት ይገባል፤ ከሁሉ የሚበልጠውም ትምህርት ይህ ነው።

መሣሪያው ቍጥርን እንጂ ስምን አያውቅም። የምንጩን ስም፥ በየትኛው ዘመን እንደ ደረቀና እንደ ተመለሰ የሚያውቀው ሽማግሌው ነው፤ እርሱም ሳይጠየቅ ቢያልፍ እውቀቱ አብሮት ይቀበራል። ስሙም የአገሩ ሰው በኦሮምኛ እንደሚጠራው ይጻፍ፤ ዝዋይን የአገሩ ሰው ደምበል እንዲለው ማለት ነው።

በ1996 ዓ.ም. ስቲቭ ኮስት በእንግሊዝ አገር የጀመረው ኦፕን ስትሪት ማፕ የተባለው ካርታ በሕዝብ እጅ የሚሠራ ስለ ሆነ፥ የአርሲም መንደር ምንጩንና መንገዱን ሊያስገባበት ይችላል። ሆኖም ካርታ ግብር ለመጨመር ወይም መሬት ለመውሰድ ነው ብሎ የሚሰጋ ሰው አለና፥ መምህሩ አስቀድሞ ሽማግሌዎችን ያስፈቅድ። የማንም ይዞታ ወሰን በስሙ አይጻፍ፤ የትምህርት ቤት ካርታ ለማስተማር እንጂ ለሙግት አይደለምና።

ሥራው ሲፈጸም አንዱ ግልባጭ በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ይሰቀል፤ ሁለተኛው ለሽማግሌዎች ይሰጥ፤ በየዓመቱም አዲሶቹ ተማሪዎች ምንጮቹን ዞረው እየጐበኙ ያርሙት።