የፊኛ ምርመራ፦ ፈርቶ ከመቅረት ጠይቆ መግባት

(በቅሬያችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ቅሬያችን ስለ ድንኳንና ስለ መዋጮ ብቻ ሳይሆን ስለ ጤናም እንድንነጋገር በወሰነው መሠረት፣ በሽንት ሕመም ምክንያት ሆስፒታል የተመላለስን ጥቂት አባላት ያየነውን እንድናካፍል ተጠይቀናል። ነገሩ በጉባዔ ፊት ሲነገር ያሳፍራል። ቢሆንም በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ!

ከመካከላችን የነበሩ አንድ አባት ሽንታቸው ደም ቀላቀለ። ስላላመማቸው ዝም አሉ። በኋላ ልጆቻቸው ግድ ብለው ወሰዷቸውና በመሣሪያ ሲታዩ ፊኛቸው ውስጥ ትንሽ ዕጢ ተገኘ፤ እሱም ወጣላቸው። «በሦስት ወር ተመለሱ» ተባሉ፤ አልተመለሱም። የመጀመሪያው ምርመራ ምን እንደሆነ ሳይነገራቸው፣ ማደንዘዣው በደንብ ሳይዝ የተደረገ ነበርና «ሁለተኛ እዚያ አልጋ ላይ ከምወጣ ሞቴን እመርጣለሁ» አሉ። ከዓመት በላይ ቆይተው ሲሄዱ ዕጢው ፊኛውን አልፎ ነበር። ቃሬዛቸውን የተሸከምነው እኛው ነን። ዛሬ የምንናገረውም ስለዚህ ነው።

ይህ ምርመራ ሲስቶስኮፒ ይባላል። ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ ያለው ቀጭን መሣሪያ በሽንት ቧንቧ በኩል ገብቶ የፊኛውን ውስጥ ያሳያል። እንግዳ ነገርም አይደለም፤ ኒትዘ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም የመጀመሪያውን መሣሪያ ለሰው ያሳየው በ1877 (እ.ኤ.አ.) ነው። ያኔ መብራቱ የጋለ የፕላቲኒየም ሽቦ ስለነበር እንዳያቃጥል ውሃ በዙሪያው ይዞር ነበር። ያን ዘመን አልፈን ዛሬ እንደ ልብ የሚተጣጠፍ መሣሪያ ላይ ደርሰናል።

ታዲያ ወንዱን ለምን የበለጠ ያመዋል? የሴቷ የሽንት ቧንቧ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን የወንዱ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ መታጠፊያም አለው። ከፍ ሲል ሽንት የሚቋጥረው ጡንቻ አለ፤ ቀጥሎም የፕሮስቴት ዕጢ ከቦታል። አብዛኛው ሰው የሚያመው መሣሪያው በዚህ ጡንቻ ሲያልፍ ነው። ሰው ሲፈራ ደግሞ ጡንቻው ይጠብቃል፤ ሲጠብቅም ሕመሙ ይብሳል።

መሣሪያውም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ቀጥ ያለ ብረት ነው፤ ወንድ በእሱ ሲመረመር ብዙውን ጊዜ ወገብ ላይ በሚወጋ ወይም በሚያስተኛ ማደንዘዣ ይደረጋል። ሁለተኛው የሚተጣጠፈው ነው፤ መንገዱን ተከትሎ ስለሚሄድ በማደንዘዣ ቅባት ብቻ ሊሠራ ይችላል። ይሁንና ዋጋው ውድ ስለሆነ በሁሉም ሆስፒታል አይገኝም። ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት «በየትኛው ነው የምታዩኝ? ማደንዘዣውስ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

እንግዲህ ሕመሙን የሚያቀንሱትን እንዘርዝር።

አንደኛ፣ ቅባቱ። ሊዶኬይን ያለበት ቅባት ቀስ ተብሎ ገብቶ ጥቂት ደቂቃ እንዲቆይ ያስፈልጋል። ወዲያው ተቀብቶ ወዲያው ከተገባ እምብዛም አይጠቅም። ጥናቶቹ ሁሉ በአንድ ቃል ባይናገሩም፣ ጊዜ መስጠት እንደሚረዳ ያሳዩ አሉ።

ሁለተኛ፣ ውሃው። በምርመራው ጊዜ ከላይ ከተሰቀለ ከረጢት ውሃ ወደ ፊኛ ይገባል። መሣሪያው ጡንቻው ዘንድ ሲደርስ ነርሷ ከረጢቱን ጨመቅ ብታደርገው ውሃው መንገዱን ይከፍታል። በወንዶች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ይህ ሕመሙን ቀንሶ ተገኝቷል። ወጪ የለውም፤ እጅ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ሦስተኛ፣ የራሳችን ድርሻ። በዚያች ሰዓት ትንፋሽ አለመያዝ፣ ሽንት እንደሚሸና ሰው ራስን ማላላት ነው። መስኮት አለው እንደሚባለው የካሜራው ምስል በቴሌቪዥን የሚታይ ከሆነም «እኔም ልይ» በሉ። ፊኛቸውን እያዩ የተመረመሩ ወንዶች ሕመሙ እንደቀለላቸው የሚናገሩ ጥናቶች አሉ። ዜማ መስማትም ብዙዎችን አረጋግቷል። ማየቱ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ከአሥር ደቂቃ አይዘልም።

ከመግባታችሁ በፊት ትኩሳት ወይም ሽንት ሲሸና ማቃጠል ካለ ተናገሩ፤ ቁስለት ካለ ቀኑ ሊተላለፍ ይችላል። የደም ማቅጠኛ የምትወስዱም እንዲሁ። ከወጣችሁ በኋላ አንድ ሁለት ቀን ቢያቃጥል፣ ሽንቱም ትንሽ ቢቀላ አትደንግጡ፤ ውሃ ጠጡ። ነገር ግን ብርድ ብርድ ካለና ትኩሳት ከመጣ፣ ሽንት ከተዘጋ ወይም የረጋ ደም ከወጣ ሳይውል ሳያድር ተመለሱ።

እናቶቻችንም ይህን ስሙ። ወንድ ልጅ ይደብቃል፤ ሌሊት እየደጋገመ መነሳቱን፣ ልብሱ ላይ የደም ምልክት መኖሩን ቀድማችሁ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ሽንት ላይ የታየ ደም ባያምም ዝም አይባልም። ምክንያቱ ጠጠር ሊሆን ይችላል፣ ቁስለት ሊሆን ይችላል፣ ለሥራ አዋሽ ወርዶ ለነበረ ሰው ደግሞ የፊኛ ቢልሃርዚያ ሊሆን ይችላል። ዕጢ መሆን አለመሆኑን ግን ሳያዩ መናገር አይቻልም።

በመጨረሻ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ከደጎሎ ወረኢሉን አልፎ ደሴ፣ ወይም ወንጭትን ተሻግሮ አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ወይም ቅዱስ ጳውሎስ መሄድ ለአንድ ሽማግሌ ቀላል አይደለም። ሲሞት ሁላችን እንወጣለን፤ ለምርመራ ሲሄድ ግን ብቻውን ነው። ስለሆነም ቅሬው ለእንዲህ ያለ ቀጠሮ አንድ አብሮ የሚሄድ ሰው ቢመድብ፣ የቀጠሮውንም ቀን ጽፎ ቢይዝና ቢያስታውስ እንላለን። እኒያ አባት የጎደላቸው «አብሽር፣ አብረን ነን» ብሎ እጃቸውን የሚይዝ ሰው ነበር።