አሻንጉሊቱ ከልጁ ያነሰ ይወቅ

የተከበራችሁ የቅድመ መደበኛ መምህራን፣ እናቶችና አባቶች፣ ከመንዝ ድረስ የመጣችሁ ፈታዮችና ሸማኔዎች፤  

በዚህ ሥልጠና የምንሠራው ነገር በመጠን ትንሽ ነው። በሹራብ ክር የሚሠራ፣ እጅ የሚገባበት የእንስሳ አሻንጉሊት ነው፤ በግ፣ ጅብ፣ ጦጣ፣ ጭላዳ፣ ቀይ ቀበሮ። ከመካከላችን ልጆቿን ሁሉ በእጇ ሹራብ ያሳደገች እናት አለች፤ የሹራብ መርፌ ጨብጦ የማያውቅ መምህርም አለ። ለሁለቱም የሚሆን ሥራ ነው። ክሩን ከመያዛችን በፊት ግን ስለ አንድ ነገር ልናገር፤ እሱን ከያዝን ሌላው ሁሉ ይከተላል።

የአራትና የአምስት ዓመት ልጅ ክፍል ሲገባ ከሁሉ የሚያንሰው እሱ ነው። መምህሯ ታውቃለች። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የፊደል ገበታ ያውቃል። ቤት ሲመለስ እናት፣ አባት፣ ታላቅ እህት ሁሉም ያውቃሉ። ቀኑን ሙሉ «ይህ ምንድን ነው?» እያለ የሚጠይቀው ሰው መልሱን አስቀድሞ የያዘ ሰው ነው። ልጅ ይህን ለመረዳት ጊዜ አይፈጅበትም፤ ጥያቄው ፈተና እንደሆነ ይገባዋል፤ ከመሳሳት ዝም ማለት ይሻላል ብሎም ይወስናል። ብዙ ጊዜ «ዓይን አፋር ነው» የምንለው ልጅ እንዲህ የወሰነ ልጅ ነው። በእጅ የምናጠልቀው አሻንጉሊት ዋጋው እዚህ ላይ ነው፤ በክፍሉ ውስጥ ከልጁ ያነሰ የሚያውቅ አንድ ፍጡር ይገኛል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ፍጡር ደግሞ ልጅ ሊያስተምረው ይፈልጋል።

እዚሁ ከተማ ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። ደብረ ብርሃን ከቀያቸው የተፈናቀሉ ብዙ ቤተሰቦችን ተቀብላለች፤ ልጆቻቸውም ከእኛ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ይማራሉ። አንዲት ሕፃን ትምህርት ከጀመረች ወዲህ ስሟን ስትጠየቅ ከመመለስ በቀር ሌላ ቃል አይወጣትም ነበር። መምህሯ አንድ ቀን ከግራጫ ክር የተሠራ ጅብ እጇ ላይ አጠለቀች። ጅቡ የበግ ሥዕል አነሣ፣ ዞር ዞር አድርጎ አየውና «ይህ ዶሮ ነው» አለ። ልጆቹ ሳቁ። «ታዲያ ምንድን ነው? እንቁላልስ አይጥልም?» ብሎ ጠየቀ። ያቺ ሕፃን ከወንበሯ ተነሣች፣ መጣች፣ የጅቡን ጆሮ ያዘችና «በግ ነው፤ በግ በል» አለችው። ጅቡ «ቤግ» አለ። «አይደለም፣ በግ!» ደጋግማ አስባለችው፤ በመጨረሻም እነሱ ቤት ስለነበሩት በጎች፣ የትኛዋ ነጭ እንደሆነች፣ የትኛዋ እንደምትዋጋ ነገረችው። መምህሯ ምንም አልተናገረችም፤ የጅቡን ራስ ብቻ ላይ ታች ታደርግ ነበር። ልጅቱ መምህሯን አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብላ አላየቻትም። የምታወራው ከጅቡ ጋር ነበር።

አደራ የምላችሁ ነገር ከዚህ ይመነጫል። አሻንጉሊት እጃችሁ ላይ ስታጠልቁ የመጀመሪያው ፈተና መምከር ነው። «ልጆች፣ እጃችሁን ታጠቡ! አትረብሹ! ጥርሳችሁን ፋቁ!» የሚል በግ ሁለተኛ መምህር ነው፤ መምህር ደግሞ አላቸው። እጁን መታጠብ የረሳው በጉ ይሁን፤ የሚቆጡት ልጆቹ ይሁኑ። ጥርስ ለምን እንደሚፋቅ ያልገባው ጅቡ ይሁን፤ የሚያስረዱት እነሱ ይሁኑ። ስትቆጥሩ አሻንጉሊቱ ከሦስት ወደ አምስት ይዝለል። ስትዘምሩ ቃሉን ይርሳ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ ሲያርመው ታያላችሁ፤ ከሚያርሙት መካከል ደግሞ ሌላ ጊዜ ድምፁ የማይሰማ ልጅ አይጠፋም።

የአገራችን ልጆች ይህን በደንብ የሚያሳይ ምሳሌ በቴሌቪዥን አይተዋል። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ዋና ተዋናይዋ አሻንጉሊት ቀጭኔ ናት። ፕሮግራሙን ከባለቤቷ ጋር የጀመረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበረች፤ ፕሮግራሙም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2008 በጃፓን ዓለም አቀፍ የትምህርት ፕሮግራሞች ውድድር ተሸልሟል። ፀሐይ የስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ ትጠይቃለች፣ ትሞክራለች፣ ታውቃለች። የፕሮግራሙ ስም ራሱ «መማር ትወዳለች» ነው፤ ታስተምራለች አልተባለችም። ያን ሁሉ ሕፃን ቴሌቪዥን ፊት ያስቀመጠው ይህ ይመስለኛል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ የቴሌቪዥኗ ቀጭኔ ልጅ ሲመልስላት አትሰማም፤ እጃችሁ ላይ ያለው በግ ግን ይሰማል።

ተመራማሪዎችም ደርሰውበታል። በአሜሪካ በበርክሌይ የተዘጋጀ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1998 በታተመ ጥናት የቀረበ የቃለ መጠይቅ ዘዴ አለ፤ ከአራት ዓመት ተኩል ጀምሮ ያሉ ሕፃናት ስለ ራሳቸው የሚናገሩበት ነው። መሣሪያው ሁለት ፍጹም የሚመሳሰሉ የቡችላ አሻንጉሊቶች ናቸው፤ ኢጊ እና ዚጊ ይባላሉ። አንደኛው ትምህርት ቤት ይወዳል፣ ሌላኛው አይወድም። አንደኛው ጓደኞች አሉት፣ ሌላኛው የሉትም። ከዚያ ልጁን «አንተስ?» ይሉታል። ሁለቱም ቡችሎች እኩል ደስ ይላሉ፤ አንዱ ጥሩ ሌላው መጥፎ ተብሎ አልተፈረጀም፤ ስለዚህ ልጁ «እኔም ጓደኛ የለኝም» ለማለት አያፍርም። እናንተም ሁለት ተመሳሳይ በጎች ሠርታችሁ ይህን ማድረግ ትችላላችሁ። አንዱ በግ ሌሊት ይፈራል፣ ሌላው አይፈራም። ቁጭ ብላችሁ አዳምጡ። የሰማችሁት ከባድ ነገር ከሆነ ደግሞ በክፍል ፊት አታውጡት፤ ልጁ ለበጉ የነገረው ምስጢር ነው፤ የሚረዳውን ሰው በዝግታ ፈልጉለት።

የራሳችን ተረትም ሥራውን ግማሽ ሠርቶ አቆይቶናል። ከአያቶቻችን የሰማነው አያ ጅቦ ምንጊዜም ሆዱን ተከትሎ የሚታለል ነው፤ ጦጢት ደግሞ በብልሃት ታመልጣለች። ስለዚህ የሚና ክፍፍሉ ከእኔ ምክር ባይጠይቅም ልናገረው፤ ጦጢትን ለልጆቹ ስጡ፣ ጅቡን እናንተ ያዙ። ሲታለል የሚውለው የእናንተ እጅ ይሁን። «ተረት ተረት» ስትሉ «የላም በረት» ብሎ የሚመልሰው ክፍል ተረቱ መሐል ላይ ደርሳችሁ ጅቡ «አሁን ወዴት ልሂድ?» ብሎ ሲጠይቅ መንገዱን ያሳየዋል። ተረቱ በያንዳንዱ ቀን ሌላ መጨረሻ ቢኖረው አትከልክሉ።

አሁን ወደ ክሩ። ንድፋችን ሆን ብለን ያቀለልነው ነው። አካሉ ሁለት አራት ማዕዘን ቁራጭ ነው፤ አንዱ ለፊት፣ አንዱ ለጀርባ። መካከለኛ ውፍረት ባለው የሹራብ ክርና በ4 ሚሊ ሜትር መርፌ 22 ቀለበት ብትጀምሩ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ ይወጣል፤ ለአምስት ዓመት ልጅ እጅ ይበቃል። ቁመቱ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን። ክራችሁ ከወፈረ ቀለበቱን ቀንሱ፤ ከቀጠነ ጨምሩ። ከቁጥሩ ይልቅ የልጁን እጅ እመኑ፤ ቁራጩን መዳፉ ላይ አንጥፉና ለኩ። ለእናንተ እጅ የሚሠራው ጅብ በሁለቱም ጎን ጥቂት ቀለበት ይጨመርለት።

እያንዳንዱን መስመር በአንድ ዓይነት አሠራር ሂዱ፤ ቁራጩ ሲዞር አሠራሩ አይለወጥም። ይህ አሠራር ጀማሪን አያደናግርም፤ ጨርቁም ጠርዙ አይጠቀለልም፣ ሲሳብ ይለጠጣል፣ ወፈር ይላል። ሁለቱን ቁራጮች ስትሰፉ በሁለቱም ጎን ከላይ ወደ ታች ሲለካ ሲሶው ላይ አንድ ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት ተዉ። አውራ ጣትና ትንሿ ጣት በዚያ ይወጣሉ፤ የእንስሳው እጆች እነሱ ናቸው። እጅ ለብቻው መሥራት አያስፈልግም፤ የልጁ ጣት በክር ከተሠራ እጅ ይልቅ ይይዛል፣ ያጨበጭባል፣ አፍንጫ ያካል።

እንስሳውን እንስሳ የሚያደርገው ጆሮው ነው። ከላይ ያሉትን ሁለት ማዕዘኖች በጣታችሁ ቆንጥጣችሁ ሥራቸውን በክር ብታስሩ ሁለት ሹል ጆሮዎች ይቆማሉ፤ ቀይ ቀበሮ ሆነ። ማዕዘኖቹን ወደ ውስጥ አጥፋችሁ ብትሰፉና ሁለት ክብ ጆሮዎች ብትጨምሩ ጅብ ነው፤ ጅባችን ጆሮው ክብ ነው፣ ሹል ካደረጋችሁት ልጆቹ ውሻ ነው ይሏችኋል። ጆሮዎቹን ወደ ጎን ዝቅ አድርጋችሁ ብታንጠለጥሏቸው በግ ይሆናል። አንድ አካል የተማረ ሰው ሦስት እንስሳ ተማረ ማለት ነው።

እንስሳቱን የመረጥነው ከዚሁ ከአካባቢያችን ነው። የዚህ አገር ልጅ ድብና ፔንግዊን በሥዕል ብቻ ያያል፤ በግን ግን በእጁ ነክቷል፤ ሌሊት ጅብ ሲጮህ ሰምቷል። መንዝ ጓሳ ላይ ደግሞ ሕዝቡ ለዘመናት በራሱ ደንብ ሲጠብቀው በኖረው ሣር ውስጥ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኙት ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ይኖራሉ። የቀይ ቀበሮ ጎልማሶች በዓለም ላይ ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል። ከጡብ ቀለም ክር ሥሩት፤ ጉሮሮውንና ደረቱን ነጭ፣ የጭራውን ጫፍ ጥቁር አድርጉ። ለጭላዳው ደረቱ ላይ ያለችውን ቀይ ምልክት እንዳትረሱ፤ ጓሳ የሄደ ልጅ መጀመሪያ የሚፈልገው እሷን ነው።

ክር ውድ ነው፤ አውቃለሁ። ያረጀ ሹራብ ተርትሩ፤ ክሩን በእንጨት ላይ ጠቅልላችሁ በሙቅ ውኃ እጠቡና አድርቁ፤ የተጨማደደው ይፈታል። መርፌ ያጣ ሰው የቀርከሃ ስንጥር በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ ይጠቀም። የመንዝ በግ ጠጉር፣ እናቶቻችን ፈትለው አባቶቻችን ለባናና ለበርኖስ የሚሸምኑት፣ ጸንቶ የሚኖር ነገር ነው፤ ነገር ግን ይኮሰኩሳል። እሱን በውስጥ በኩል አታድርጉት። ለጭላዳው ጎፈርና ለበጉ ጀርባ ከላይ ብትሰፉት ግን ከፋብሪካ የሚመጣ ክር አይተካውም። ሸማኔዎችን የጋበዝናችሁ ለዚህ ነው፤ ሹራብ የሴት ሥራ ነው ብሎ የቆመ ወንድም ካለም ተቀመጥ፣ መርፌ ተሰጥቶሃል።

ዓይን በቁልፍ ወይም በጨሌ አትሥሩ። ትንንሽ ልጆች ሁሉን ነገር ወደ አፋቸው ይወስዳሉ፤ የተነቀለ ቁልፍ ጉሮሮ ላይ ሊሰነቀር ይችላል። ዓይንና አፍንጫ በጥቁር ክር ይጠለፍ፤ ጫፉም በደንብ ይቋጠር። አሻንጉሊቱ በየሳምንቱ ለብ ባለ ውኃ ይታጠብ፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣ።

አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። ብዙ ትምህርት ቤት ውስጥ መምህራን በትጋት የሠሯቸው መጫወቻዎች ከፍ ብለው ግድግዳ ላይ ተሰቅለው፣ ወይም እንግዳ ሲመጣ ብቻ በሚከፈት ቁም ሣጥን ውስጥ ተደርድረው አያለሁ። እንዳይቆሽሹ ነው ይሉኛል። ይቆሽሹ። ጆሮው የተነቀለ ጅብ ሲሠራ የዋለ ጅብ ነው፤ ጆሮ መልሶ መስፋት ለእኛ ቀላል ነው፤ ንድፉን ያቀለልነውም ለዚሁ ነው። ሲጎዳ አንጀታችሁን የሚበላ ቆንጆ ሥራ ከሠራችሁ ለልጅ አትሰጡትም። አሻንጉሊቱ የልጆች እጅ በሚደርስበት ቦታ፣ ክዳን በሌለው ቅርጫት ውስጥ ይቀመጥ። በጨዋታ ሰዓት ሁለት ልጆች ሁለት በግ አጥልቀው ጥግ ይዘው ሲያወሩ ብታዩ ደግሞ አትቅረቧቸው፤ ሥራው እየተሠራ ነው።

ጠረጴዛችሁ ላይ ግራጫ፣ ነጭና የጡብ ቀለም ክር አለ። የምንጀምረው በጅቡ ነው፤ ምክንያቱም መጀመሪያ የሚያስፈልጋችሁ የሚሳሳተው ነው። አሠልጣኞቹ በየጠረጴዛው ይዞራሉ፤ ሹራብ የምታውቁ እናቶች ከማያውቅ መምህር ጎን እንድትቀመጡ እጠይቃለሁ። ሥልጠናው በይፋ ተከፍቷል፤ ግራጫውን ክር አንሡና 22 ቀለበት ደርድሩ።