በመቁጠሪያ መጸለይን ስለ መማር
(በኢዮቤልዩው በዓል የተነገረ ንግግር)



ፊደል ያልቈጠረ ሰው ምን ብሎ ይጸልይ የሚለው ጥያቄ በቤተ ክርስቲያን ዘንድ የቈየ ነው። በኢትዮጵያ ዳዊት ደጋሚው 150ውን መዝሙር በመጽሐፍ ወይም በቃሉ ያደርሳል። በምዕራብ አገርም መነኮሳቱ ይህንኑ መዝሙር በላቲን ሲደግሙ፣ ማንበብ የማይችለው ሕዝብ በመዝሙሩ ፈንታ አስቀድሞ አቡነ ዘበሰማያትን፣ በኋላም የመልአኩን ሰላምታ 150 ጊዜ እየቈጠረ ይጸልይ ነበር፤ ስለዚህም ይህ ጸሎት የማርያም ዳዊት ተባለ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1569 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 5ኛ ሥርዓቱን በ15 ምሥጢራት አጸኑት፤ በ2002 ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ አምስቱን የብርሃን ምሥጢራት ጨመሩበት። በዚህ ጭማሪ ቍጥሩ ከዳዊት መዝሙር አልፎ ሄደ፤ የጥንቱን ልክ የሚወድድ ሰው ይህ ቅር ቢለው አይፈረድበትም።

ጀማሪው መቁጠሪያውን ሲይዝ በመጀመሪያ የሚጨንቀው የጣቱ ነገር ነው። ፍሬዎቹ 59 ናቸው፤ 53ቱ ለመልአኩ ሰላምታ፣ 6ቱ ለአቡነ ዘበሰማያት። መስቀሉን ይዞ አማትቦ ጸሎተ ሃይማኖትን ይላል፤ በፊተኛው ፍሬ አቡነ ዘበሰማያትን፣ በተከታዮቹ ሦስት ፍሬዎች ስለ እምነት፣ ስለ ተስፋና ስለ ፍቅር የመልአኩን ሰላምታ ያደርሳል። ከዚያ ወዲያ አምስቱ ዐሥርታት ይከተላሉ፤ በየዐሥርቱ መጀመሪያ ምሥጢሩ ይነገራል፣ በመጨረሻውም ስብሐት ይባላል። ይህን ሁሉ እጅ ቶሎ ይለምደዋል። ልብ ግን እንዲህ አይደለም፤ አፉ የገብርኤልን ቃል ሲናገር ልቡ የገበያውን ዋጋ ሲያወጣና ሲያወርድ ይገኛል። ጳውሎስ 6ኛ በ1974 ምሥጢሩን ሳያስቡ መቁጠሪያ መድገም ነፍስ እንደ ተለየው በድን ነው ያሉት ስለዚህ ነበር።

በፌብሩዋሪ 11 ቀን 1858 በፈረንሳይ አገር በሉርድ ከተማ አጠገብ፣ ማንበብና መጻፍ የማታውቅ የ14 ዓመት ልጅ፣ በርናዴት ሱቢሩ፣ እንጨት ልትለቅም ወጥታ ሳለች በዋሻው አፍ እመቤትን አየች። ደንግጣ ከኪስዋ መቁጠሪያዋን አወጣች፤ ልታማትብ ብትሞክር ግን እጅዋ ወደ ግንባርዋ አልወጣላትም። ያች እመቤት በራስዋ መቁጠሪያ መስቀል ስታማትብ ነው የልጅቱ እጅ የተፈታው። ልጅቱ ሰላምታውን ስትደግም እመቤቲቱ ከንፈርዋን ሳታንቀሳቅስ ፍሬዎቹን በጣቶችዋ ታሳልፍ ነበር። በርናዴት የትምህርተ ክርስቶስን ቃል ይዛ መመለስ የሚያዳግታት ልጅ ነበረች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አማተባትዋን ያዩ ሁሉ ይደነቁበት ነበር።

ሆኖም የሁሉ ሰው መንገድ እንዲህ የቀና አይደለም። በ1897 በ24 ዓመትዋ ያረፈችው የሊዝዮዋ ቅድስት ተሬዛ፣ ገዳማዊት ሆና ሳለች፣ ብቻዋን መቁጠሪያ መድገም ሥጋን ከሚቀጣ መሣሪያ ይልቅ እንደሚከብዳት በገዛ እጅዋ ጽፋለች። አሳብዋን መሰብሰብ ስላልቻለች ብዙ ጊዜ አዘነች፤ በኋላ ግን እመቤታችን እናት ናትና በጎ ፈቃድዋን አይታ ትቀበለኛለች ብላ ተጽናናች።

እንግዲህ በሽምግልናው የሚጀምር ሰው አምስቱን ዐሥርታት በአንድ ምሽት ልጨርስ ብሎ አይነሣ። ከራት በኋላ አንዱን ዐሥርት ብቻ፣ ምሥጢሩን ለልጆቹ በሚገባቸው ቃል ነግሮ፣ ቀስ ብሎ ይድገም፤ ሲያንቀላፋም ፍሬውን ካቆመበት በማግሥቱ ይቀጥል።