ምክር ቤቱ ሲዘጋ የተሠራ ሥራ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)





በእንዲህ ያለ ቀን አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ስለ መጋዘን፣ ስለ ሚዛን፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ትርፍ ክፍፍል ነው። የዛሬው ርዕስ ግን ትንሽ ለየት ይላል። ገበሬው የመረጠው ሰው ምክር ቤት ገብቶ ምን ይጠይቃል? ጥያቄውስ ወደ ማሳውና ወደ ጎተራው የሚመለሰው በምን መንገድ ነው? «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላል። መናገር ብቻውን ግን ደጃዝማች እንደማያደርግ የአንድ አየርላንዳዊ የሕዝብ እንደራሴ ታሪክ ያስረዳል። ይህ ሰው ሆራስ ፕለንኬት ይባላል።

ፕለንኬት እ.ኤ.አ. በ1854 ከመኳንንት ቤተሰብ ተወለደ። በሳንባ ሕመም ምክንያት ወደ አሜሪካ ሄዶ በዋዮሚንግ አሥር ዓመት ያህል ከብት ሲያረባ ቆይቶ በ1889 ወደ አገሩ ተመለሰ። በዚያን ጊዜ የአየርላንድ ገበሬ ከባድ ችግር ላይ ነበር። በየቤቱ የሚናጠው ቅቤ ጥራቱ አንድ ዓይነት ስላልሆነ፣ በኅብረት ሥራ ማኅበራት የተደራጁት የዴንማርክ ገበሬዎች የእንግሊዝን ገበያ እየወሰዱበት ነበር። ወተትን ከክሬም የሚለየው አዲሱ መሣሪያ ለአንድ ገበሬ አቅም ከባድ በመሆኑ፣ ማሽኑን ገዝቶ የሚተክለው ነጋዴ ሆነ፤ ዋጋውንም የሚቆርጠው እርሱ ነበር። ዘርና ማዳበሪያ ከባለ ሱቅ በዱቤ የወሰደ ገበሬ ደግሞ ምርቱን ለዚያው ለባለ ሱቅ ለመስጠት ይገደድ ነበር። ሲገዛም ሲሸጥም ይጎዳል ማለት ነው።

ፕለንኬት መፍትሔው ገበሬዎቹ ራሳቸው የማሽኑ ባለቤት ሲሆኑ ነው ብሎ ተነሣ። ይሁን እንጂ የሰማው አልነበረም። አንድ ማኅበር እስኪቋቋም ድረስ 50 ስብሰባ ማካሄድ እንዳስፈለገው ይነገራል። እርሱ ፕሮቴስታንትና የጌታ ልጅ፣ ገበሬው ደግሞ በአብዛኛው ካቶሊክ በመሆኑ ጥርጣሬው ቀላል አልነበረም። እንደ ካቶሊኩ ቄስ አባ ቶማስ ፊንሌይ ያሉ ሰዎች አብረውት ባይቆሙ ኖሮ ሥራው በጅምር በቀረ ነበር። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ ሸክሙ ሲከፋፈል ነገሩ ተለወጠ። በ1894 የወተት ማኅበራቱ 33 ደርሰው የጋራ ድርጅታቸውን አቋቋሙ።

ፕለንኬት ምክር ቤት የገባው በ1892 ደቡብ ደብሊንን ወክሎ ነው። አየርላንድ ከ1801 ጀምሮ የራሷ ፓርላማ ስላልነበራት እንደራሴዎቿ የሚቀመጡት ለንደን ነበር። እዚያም አንድ ጉዳይ ሁሉንም ጉዳይ ሸፍኖ ነበር፤ አየርላንድ ራሷን ታስተዳድር ወይስ አታስተዳድር? ሁለቱ ወገኖች በዚህ ተፋጠው ሲውሉ የቅቤው፣ የዘሩና የብድሩ ነገር መሐል ላይ ይወድቅ ነበር። ፕለንኬት ራሱ ከእንግሊዝ ጋር ያለው አንድነት ይጽና ከሚለው ወገን ነበር፤ ሆኖም የገበሬው ጉዳይ የአንድ ወገን ጉዳይ መሆን የለበትም ብሎ ያምን ነበር።

በዚያ ፓርላማ አሠራር አንድ እንደራሴ ጥያቄውን አስቀድሞ ያስመዘግባል፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ሚኒስትር በጉባኤው ፊት ይመልሳል፣ ጥያቄውም መልሱም ሃንሳርድ በሚባለው የጉባኤ መዝገብ ታትሞ ይቀመጣል። የዚህ አሠራር ጥቅም ግልጽ ነው። በጆሮ የተሰማ ተስፋ ይረሳል፤ በመዝገብ የገባ ቃል ግን በማግስቱ «ምን ደረሰ?» ተብሎ ይጠየቅበታል። ነገር ግን ሚኒስትሩ «ይታሰብበታል» ብሎ ከተቀመጠ፣ ከጥያቄው በስተጀርባ የተደራጀ ሰውና የተጠና ሐሳብ ከሌለ፣ ነገሩ በዚያው ያበቃል።

ፕለንኬት ትልቁን ሥራውን የሠራውም ምክር ቤቱ ሥራ ላይ በነበረበት ሰዓት አይደለም። በ1895 ከሁሉም ወገን የተውጣጡ የአየርላንድ እንደራሴዎች ፓርላማው በዕረፍት ላይ ባለበት ጊዜ ተሰብስበው፣ ሁሉም ሊስማሙበት በሚችሉት በእርሻና በኢንዱስትሪ ጉዳይ ላይ እንዲመክሩ በአደባባይ ደብዳቤ ጥሪ አደረገ። አንዳንዶቹ እምቢ አሉ። ከተቃራኒው ወገን ግን ጆን ሬድመንድ ከነተከታዮቹ መጣ። ኮሚቴው የሌሎች የአውሮፓ አገሮችን ተሞክሮ አስጠንቶ በ1896 ሪፖርቱን አወጣ። «ለአየርላንድ የራሷ የእርሻ መሥሪያ ቤት ያስፈልጋታል» የሚል ነበር።

ሪፖርቱ ወዲያው ሕግ አልሆነም። በ1897 የቀረበው ረቂቅ ወደ ጎን ተደረገ። በ1898 በቅድሚያ የአካባቢ አስተዳደር ሕግ ወጥቶ የተመረጡ የአውራጃ ምክር ቤቶች ተቋቋሙ። የእርሻ መሥሪያ ቤቱ ሕግ የጸደቀው በ1899 ነው። መዘግየቱም በከንቱ አልነበረም፤ ለመሥሪያ ቤቱ ምክር የሚሰጠው ጉባኤ ሁለት ሦስተኛ አባላቱ በእነዚያው የአውራጃ ምክር ቤቶች የሚመረጡ ሆኑ። በዚህም ገበሬው ድምፁን የሚያሰማበት በር በሕግ ተከፈተለት።

ይህ ሁሉ ያለ ዋጋ አልተገኘም። ፕለንኬት የአዲሱ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሲሆን ቲ. ፒ. ጊል የተባለውን የቀድሞ የተቃራኒ ወገን እንደራሴ ጸሐፊ አድርጎ ሾመ። ሰውየውን የመረጠው ለሥራው ብቁ ነው ብሎ ነበር። የገዛ ወገኑ ግን ይህን አልወደደለትም፤ በ1900 ምርጫ ድምፁ ተከፋፍሎ ወንበሩን አጣ። በ1907 ደግሞ ከኃላፊነቱ ተነሣ፤ ተተኪውም መሥሪያ ቤቱ ለማኅበራቱ የጋራ ድርጅት ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ አቋረጠ። በ1923፣ አገሪቱ በእርስ በርስ ጦርነት ላይ ሳለች፣ የነጻይቱ አየርላንድ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል በነበረበት ጊዜ፣ ቤቱ ወደመበት። በ1932 በእንግሊዝ አገር አረፈ። የኅብረት ሥራው እንቅስቃሴ ግን ከእርሱ ሥልጣን ጋር አብሮ አልወደቀም። ለምን ቢባል፣ ማኅበራቱ የቆሙት ዕጣ በገዙ አባላት ነበርና።

የተከበራችሁ አባላት፤

ከዚህ ታሪክ ለአገራችን ገበሬ የሚሆን ነገር አለ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 55 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅና የአስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን ሰጥቶታል። በአንቀጽ 58 መሠረት የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ጀምሮ እስከ ሰኔ 30 ነው። እንግዲህ እንደራሴው ከጉባኤው የሚያርፍበት ሦስት ወር ገደማ ገበሬው በጭቃ ውስጥ የሚውልበት ክረምት ነው። ማዳበሪያው በወቅቱ መድረስ አለመድረሱ፣ ዘሩ መብቀል አለመብቀሉ የሚታወቀውም ያን ጊዜ ነው። እንደራሴውን ማሳው ድረስ ለመጋበዝ ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም።

ሲመጣም እሮሮ ብቻ ይዞ መጠበቅ አይበቃም። «ገበሬው ተቸግሯል» የሚል ጥያቄ «እየተሠራበት ነው» በሚል መልስ ይዘጋል። ለየትኛው መሠረታዊ ማኅበር፣ ስንት ኩንታል ተጠይቆ ስንት ደረሰ? በየትኛው ቀን ደረሰ? ውሉን የፈረመውስ ማን ነው? ይህን ከመዝገብ አውጥቶ ለሰጠው ማኅበር እንደራሴው ጥያቄውን በቁጥር ያቀርባል፤ መላሹም በቁጥር ለመመለስ ይገደዳል። የወረዳና የዞን ኃላፊዎችም እንዲህ ያለውን ጥያቄ እንደ ክስ ባያዩት መልካም ነው፤ ጉድለቱ የት እንደተፈጠረ ከታወቀ፣ በማያገባው የሚወቀስ ባለሙያ አይኖርም።

የኅብረት ሥራ ሕጉም ቢሆን ቆሞ የቀረ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 147/1991 በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ተተክቷል። ነገም ሊሻሻል ይችላል። ያን ጊዜ የአባላቱ ሐሳብ በረቂቁ ውስጥ የሚገኘው ቀደም ብሎ ተመክሮበት፣ ተጽፎና ለእንደራሴው ደርሶ ከሆነ ብቻ ነው።

በመጨረሻም፣ ጥያቄ የመጠየቅ ልምድ የሚጀመረው ከሩቅ ምክር ቤት አይደለም። በማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ሀብታሙም ድሃውም፣ ወንዱም ሴቷም እኩል አንድ አንድ ድምፅ አላቸው። የኦዲት ሪፖርት ሲነበብ እጁን አውጥቶ «ይህ ወጪ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አባልና ጥያቄውን በቃለ ጉባኤ የሚያሰፍር ጸሐፊ ያለው ማኅበር፣ እንደራሴውንም ሚኒስትሩንም ለመጠየቅ አያቅተውም። በገዛ ጉባኤው ዝም ያለ አባል ግን ሌላ ሰው ሌላ ቦታ እንዲናገርለት ቢጠብቅ ጥበቃው ረጅም ይሆናል።