የክሩ አቅጣጫና የተሰበረው መያዣ



ይህን በእጃችን ያለውን የወንበር መደገፊያ መያዣ ስንሠራ ሒሳባችን ልክ መስሎን ነበር። ዕቃው ናይሎን ሲሆን ከክብደቱ 30 በመቶው አጫጭር የመስታወት ክር ነው። የጥንካሬውን ቁጥር ከሠንጠረዥ ወስደን ሸክሙን አሰላን። ሆኖም በሙከራው ላይ ከቀዳዳው ኋላ ተሰነጠቀ፤ ሰው ተቀምጦበት ቢሆን ኖሮ በጀርባው በወደቀ ነበር። እኛም ጥፋቱን በናይሎኑ ላይ ለመጣል ቸኮልን።

ጭድ ከጭቃ ጋር በእግር ሲረገጥ በየአቅጣጫው ይተኛል። በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ግን እንዲህ አይደለም። የቀለጠው ፕላስቲክ በግፊት ሲገባ ክሩን ያሰልፈዋል፤ በግድግዳው አጠገብ ያለው ክር ፍሰቱን ተከትሎ ይተኛል፤ በመካከል ያለው ግን ብዙውን ጊዜ ወደ ጎን ይጋደማል። ጄፈሪ የተባለው ሊቅ ሞላላ አካል በፈሳሽ ውስጥ እንዴት እንደሚዞር እ.ኤ.አ. በ1922 በሒሳብ አሳይቷል፤ ፎልጋርና ተከር ደግሞ በ1984 የክሮቹን እርስ በርስ መነካካት ጨመሩበት።

የእኛስ ቁራጭ? ፍሰቱ ቀዳዳውን ከሚያወጣው ብረት ላይ ሲደርስ ለሁለት ተከፍሎ ከኋላው ተገናኘ። በመገናኛው ላይ ክሮቹ መስመሩን ተከትለው ተጋደሙ እንጂ ከወዲህ ወዲያ አልተሻገሩም። በዚያ ስፍራ ሸክሙን የያዘው ናይሎኑ ብቻ ነበረ ለማለት ይቻላል። የሠንጠረዡ ቁጥር ግን የተለካው አብዛኛው ክር በስበቱ አቅጣጫ በተሰለፈበት የመፈተኛ ቁራጭ ላይ ነው። (ይህ በግርጌ ተጽፎ ቢሆንስ ኖሮ እናነበው ነበርን?)

አሁን የፕላስቲኩን መግቢያ ወደ ሌላው ጫፍ አዛውረን መገናኛው ሸክም ከማይበዛበት ጎን እንዲውል ለማድረግ አስበናል። ለዚህም ቅርጽ ማውጫውን እንደገና መቦርቦር ያስፈልጋል፤ ወጪውም ቀላል አይደለም። የተሰበረው ቁራጭና ማጉያ መነጽሩ በጠረጴዛው ላይ ይቆያሉ፤ ከመቦርቦራችን በፊት የተሻለ መላ ያለው ቢነግረን ደስ ይለናል።